ስለ «ሰበር ዜና» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ሰበር» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ በቀን ስንት ጊዜ እንደምናይ መቁጠር ትተናል፤ ስለ ቃሉና ስለ አጠቃቀሙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከነመልሱ እነሆ።

ሰበር ዜና ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን የሆነ ወይም ገና እየሆነ ያለ፣ ብዙ ሰው ሊያውቀው የሚገባ፣ ዝርዝሩ ግን ያልተሟላ ዜና ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ሲገኙ ነው ዜናው ሰበር የሚባለው። ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ትናንት የታወቀ ከሆነ ዜና ነው እንጂ ሰበር አይደለም። አሁን የሆነ ሆኖ ከሰፈር የማያልፍ ከሆነም እንደዚያው።

ሦስተኛዋ ነጥብ ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች። ቀዩን ጽሑፍ ስናይ «እንግዲህ ነገሩ የተረጋገጠ ነው» ብለን እንቀመጣለን። ጠንቃቃ ጋዜጠኛ «ሰበር» ሲል ግን ሊለን የፈለገው «እስካሁን እጄ የገባው ይህን ያህል ነው፣ ሌላውን እያጣራሁ ነው» ነው። ቃሉ የሚነግረን ስለ ሰዓቱ ነው። ስለ እውነትነቱ የሚነግረን ነገር የለም።

«መስበር» እዚህ ምን አገባው? ዜና እንዴት ይሰበራል?

አባባሉ «ብሬኪንግ ኒውስ» ከሚለው የእንግሊዝኛ አጠራር ቃል በቃል የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ ያ ግስ ዕቃ መስበርን ብቻ አይገልጽም። ሲነጋም ቀኑ «ተሰበረ» ይላሉ። እኛ ጎህ «ቀደደ» እንደምንለው ነው፤ ተሸፍኖ የነበረ ነገር ብቅ አለ ለማለት። ወደ አማርኛ ሲገባ ግን ያ ሁለተኛ ትርጉም እዚያው ቀረና ስብራቱ ብቻ መጣ።

አማርኛ ተናጋሪም ዝም አላለም፣ የራሱን ትርጉም ሰጠው። ሰበር ዜና ማለት መደበኛውን ፕሮግራም ሰብሮ የሚገባ ዜና ነው አለ። ድራማው እየሄደ ይቋረጣል፣ ዜና አንባቢዋ ብቅ ትላለች። እኔ እንዲያውም ይሄኛው አረዳድ ይበልጥ ይጥመኛል፤ አንድ ዜና ሰበር ለመባል ፕሮግራም ለማቋረጥ የሚበቃ መሆን አለበት ያሰኛልና። አንዳንዴ ደግሞ ቃሉ በራሱ ላይ ይደራረባል። ትዕግስት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ «ሰበር ዜና፦ ክብረ ወሰን ተሰበረ» ብሎ መጻፍ ፍጹም ትክክል ነበር።

ከሰበር ሰሚ ችሎት ጋር ዝምድና አለው?

ግሱ አንድ ነው፣ የመጡበት መንገድ ግን ይለያያል። የፍርድ ቤቱ «ሰበር» የፈረንሳይኛው «ካሳሲዮን» ትርጉም ነው። መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የተባለ የመጨረሻ ውሳኔ የሚታይበትና የሚሻርበት ችሎት ማለት ነው። ስለዚህ «ሰበር፦ ሰበር ሰሚ ችሎቱ ውሳኔውን ሻረ» የሚል ርዕስ ብታዩ ጸሐፊው ቃል የደገመ እንዳይመስላችሁ።

ዜና፣ ዘገባ፣ ወሬ… ልዩነታቸው ምንድን ነው?

«ዜና» ከግእዝ የወረስነው ቃል ነው፤ ታሪክ፣ የተነገረ ነገር ማለት ነው። «ዜና መዋዕል» ላይ ያለው ዜና እሱ ነው። «ዘገባ» ደግሞ ከ«መዝገብ» ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ መያዝ፣ ማከማቸት አለበት። ዘጋቢው የሆነውን ይመዘግባል፣ አየር ላይ ሲውል ዜና ይሆናል። በዛሬው አነጋገር ዜና አጭሩ ነው፣ ዘገባ ደግሞ ረዘም ብሎ ምክንያቱንና የሰዎቹን ድምፅ የሚጨምረው።

ወሬ ያው ወሬ ነው። ባለቤት የለውም። «ማን ነገረህ?» ሲባል «ሲወራ ሰማሁ» ይላል። ክፋቱ ዛሬ ወሬም ቀይ ልብስ ለብሶ «ሰበር» እያለ ይመጣል።

ትኩስ ዜና፣ አስቸኳይ ዜና፣ «አሁን የደረሰን ዜና» ከሰበር በምን ይለያሉ?

ትኩስ ዜና አዲስ መሆኑን ብቻ ይናገራል። የዛሬ የእግር ኳስ ውጤት ትኩስ ነው፣ ሰበር ግን አይደለም። «አሁን የደረሰን ዜና» የስቱዲዮ አነጋገር ነው፤ አንባቢው ፕሮግራም ላይ እያለ ወረቀት ሲሰጠው የሚለው። አስቸኳይ የሚባለው ደግሞ ሰሚው አንድ ነገር እንዲያደርግ ሲፈለግ ነው፤ መንገድ ተዘግቷል፣ ጎርፍ እየመጣ ነው፣ ውኃውን አትጠጡ። ይህ ልዩነት ችላ መባሉ ያሳዝነኛል። ለሕይወት የሚያስፈልገው ማስጠንቀቂያ ከዝነኞች ፍቺ ጋር እኩል «ሰበር» ተብሎ ይወጣል።

ቴሌቪዥንና ስልክ ሳይኖር ሰበር ዜና እንዴት ይነገር ነበር?

ነጋሪት ይጎሰም ነበር። ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ በተለይ በገበያ ቀን፣ አዋጁ ይነበባል፤ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል። ዛሬ «ሼር አድርጉ» የምንለው ነገር ያኔም ነበረ ማለት ነው። ሕግ የሚታተምበት ነጋሪት ጋዜጣም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከበሮ ነው።

ከዚያ ሬዲዮ መጣ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው መውጣታቸውን ሕዝቡ የሰማው ከኢትዮጵያ ሬዲዮ ነው። በሬዲዮ ቀይ ቀለም አይታይም፤ ዜናው ግን እንዲያ ዓይነት ማድመቂያ የሚያስፈልገው አልነበረም።

ከስክሪኑ ግርጌ የሚሮጠው ጽሑፍ ቋሚ የሆነው በአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ነው፤ ቀኑም የእኛ ዕንቁጣጣሽ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ46 ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን የኒውዮርኩን ሕንፃ መታ። መረጃው ስለበዛ ጣቢያዎቹ ከሥር ጽሑፍ ማስኬድ ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላም አላነሱትም። ሌላው ዓለም ተከተላቸው፣ እኛም ተከተልን።

አንድን ዜና «ሰበር» የሚለው ማነው? መለኪያ አለው?

የሚወስነው የዜና ክፍሉ ኤዲተር ነው። «ሰበር» የሚለውን ቃል እነማን፣ መቼ መጠቀም እንደሚችሉ የሚደነግግ ሕግ የለም። ትልልቅ የዜና ወኪሎች ግን የራሳቸው ደረጃ አላቸው። ለምሳሌ አሶሺዬትድ ፕሬስ «ፍላሽ» የሚለውን ከፍተኛ ምልክት የሚያወጣው ለእጅግ ከባድ ክስተት ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በታች በየደረጃው ይመደባል።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ይህን ዜና ከሁለት ሰዓት በኋላ ብሰማው ምን ይቀርብኛል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ሰበር አይደለም።

ሰበር ዜና እስከ መቼ ነው ሰበር ሆኖ የሚቆየው?

አዲስ ነገር እየተጨመረበት እስካለ ድረስ። ከዚያ በኋላ ተራ ዜና ይሆናል፣ ቀዩም መነሳት አለበት። ጠዋት የወጣ ጽሑፍ ማታም «ሰበር» እያለ ከቆመ አዘጋጁ ረስቶታል፣ ወይ ሆነ ብሎ ትቶታል። በቴሌግራም ደግሞ የባሰ አለ። የሁለት ዓመት ቪዲዮ ቀኑ ተቆርጦ «ሰበር» ተብሎ እንደገና ይዞራል። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ቀኑን ፈልጉ። ቀን የሌለው ሰበር ዜና ባይታመን ይሻላል።

ሰበር ዜና ላይ ያለው ሰዓት ለምን ያምታታል?

የእኛ ሰዓት ከጠዋት ስለሚቆጥር ነው። «2 ሰዓት ላይ» ሲባል አዲስ አበባ ያለ ሰው ጠዋት ወይም ምሽት መሆኑን ብቻ ይጠይቃል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመዱ ግን መጀመሪያ ስድስት ሰዓት ይደምራል፣ ከዚያ የአገሩን ልዩነት ያሰላል። የቀን አቆጣጠሩም ሌላ ጣጣ ነው። ጥሩ ጸሐፊ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ ይገላግለናል።

ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ነገር «ሰበር» የሆነው ለምንድን ነው?

ስለሚያስከፍት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሰው ከተጫነው ማስታወቂያ ይታያል፣ ማስታወቂያ ካለ ገንዘብ አለ። ስለዚህ ርዕሱ «ሰበር! አሁን ከመቀሌ የወጣው መረጃ» ይላል። ስትከፍቱት አንድ ሰው የትናንትናን መግለጫ አሥራ አምስት ደቂቃ ያብራራል። ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ቃሉ ስለተንዛዛ «ሰበር፣ ሰበር፣ ሰበር» እየተባለ በሦስት መደርደር ተጀመረ፤ አንዱ ብቻውን አልሰማ ስላለ።

ሰዉም ቀልዶበታል። «ሰበር ዜና! እከሌ ዛሬ ሂሳብ ከፈለ» ሲባል ጠረጴዛው ሁሉ ይስቃል።

ርዕሱ ላይ «ተገለጸ»፣ «ተሰማ»፣ «ተባለ» ሲል የቱን ልመን?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የአማርኛ ሰበር ዜና ጥንካሬው ያለው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ነው። «ተሰማ» በጣም ደካማው ነው። የሰማው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከወሬ የሚለየው ሥርዓት ባለው ዓረፍተ ነገር መጻፉ ብቻ ነው። «ተባለ» እና «ተብሏል» ትንሽ ይሻላሉ፣ የሆነ ሰው አንድ ነገር ብሏል። ጸሐፊው ግን «እኔ አላልኩም» እያለ እጁን ታጥቧል።

«ተገለጸ» አታላይ ነው። የመንግሥት መግለጫ ይመስላል፤ ግን የገለጸው አካል በመጀመሪያው አንቀጽ ካልተጠቀሰ ከ«ተባለ» አይበልጥም። «አስታወቀ» ስትሉ ባለቤት ትፈልጋላችሁ፤ ፖሊስ አስታወቀ፣ ሆስፒታሉ አስታወቀ። ነገ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የምትጠይቁት አካል አለ። «አረጋገጠ» ከሁሉም የከበደ ነው፤ ስለዚህም ያለቦታው ሲገባ ከሁሉም የባሰ ጉዳት ያደርሳል። አንድ ባለሥልጣን ስለ ራሱ መሥሪያ ቤት የተናገረውን «አረጋገጠ» ብሎ መጻፍ ትክክል አይደለም፤ ተናገረ ነው።

«ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ ምንጭ» ሲባልስ? አንዳንዴ ያለዚያ ዜናው አይገኝም፣ ምንጩ ሥራውን ወይም ነፃነቱን ሊያጣ ይችላል። ያኔ የጣቢያውን ያለፈ ሥራ ማየት ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ብሎ የነገረን ነገር እውነት ሆኖ ተገኝቷል ወይ?

ትልልቅ ተቋማትም ሰበር ዜና ላይ ይሳሳታሉ?

አዎ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ ባለሥልጣናትና ጄኔራሎች የተገደሉ ጊዜ፣ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙን ገድሏል የተባለው ጠባቂ ራሱን አጠፋ ተብሎ በፖሊስ ተነገረ። ብዙ ሚዲያም ያንኑ አወጣ። ቆይቶ ሰውየው በሕይወት እንዳለና ሕክምና ላይ እንደሆነ ተነገረ። ምንጩ ባለቤት ያለው፣ «አስታወቀ» የሚባልለት ነበር፤ ግን ተሳሳተ። የመጀመሪያ ሰዓታት እንዲህ ናቸው።

በሌላ በኩል ጥሩ አያያዝም አይተናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ወደ ናይሮቢ ተነሣ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። ረፋዱ ላይ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በትዊተር ሐዘኑን ገለጸ፣ ዓለም ሁሉ ሰበር አለ። የአየር መንገዱ የመጀመሪያ መግለጫ ግን በጣም ቁጥብ ነበር። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች እንደነበሩበት «ይታመናል» አለ፤ ዝርዝሩን እያጣራሁ ነው አለ፤ ስለተረፉም ሆነ ስለሞቱ ሰዎች የተረጋገጠ መረጃ የለኝም አለ። 157ቱም ማለቃቸው የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ልብ አድርጉ፣ ቁጥሩ በመጨረሻም ያው ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም ባልተረጋገጠበት ሰዓት «ይታመናል» ማለቱ ተገቢ ነበር።

እርማትን በተመለከተ አንድ ነገር እጠላለሁ። የተሳሳተውን ጽሑፍ ድምፅ ሳያሰሙ ማጥፋት። በቀይ የወጣ ስህተት በትንሹም ቢሆን «ቀደም ሲል እንዲህ ብለን ነበር፣ ትክክሉ ይህ ነው» ተብሎ መታረም አለበት። አለበለዚያ የቅጂው ፎቶ በየግሩፑ ሲዞር ይከርማል።

ሐሰተኛ ሰበር ዜና ሼር ባደርግ በሕግ እጠየቃለሁ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ሊያስጠይቅ ይችላል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። አዋጁ የሚመለከተው ማንኛውንም ስህተት አይደለም። መረጃው ሐሰት መሆን አለበት፤ ያሰራጨው ሰው ሐሰት መሆኑን ያወቀ ወይም ማወቅ የነበረበት መሆን አለበት፤ መረጃው ሁከት ወይም ግጭት የመቀስቀስ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆን አለበት።

ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ ከፍ ይላል፤ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር። በተቃራኒው፣ እውነትነቱን ለማጣራት ሁኔታው የፈቀደውን ያህል ተገቢ ጥረት ያደረገ ሰው መከላከያ አለው። ስለዚህ «ከሌላ ግሩፕ ነው ያመጣሁት» ማለት ብቻውን አያድንም። ደውሎ መጠየቅ፣ ሁለተኛ ምንጭ መፈለግ ይሻላል።

«ሰበር»ን ትተን ሌላ ቃል ብንጠቀም አይሻልም?

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ዓረቦች ለምሳሌ «ዓጂል» ይላሉ፣ አስቸኳይ ማለት ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ የሚሠሩ ወገኖቻችን በቀይ ላይ በነጭ ተጽፎ በየቀኑ ያዩታል። ዕብራይስጡም «ሚቭዛክ» ይላል፤ ብልጭታ ከሚለው የወጣ ነው። እኛም «አሁን የደረሰን» ብንል ምንም አይጎድልብንም ነበር።

ግን ቃል አንዴ ሕዝብ አፍ ከገባ አይወጣም። «ሰበር» ገብቷል፤ ትግርኛውም ተካፍሎታል። ቃሉን ከመቀየር ይልቅ ቁጥሩን መቀነስ ይቀላል።

የሰው ሞት በሰበር ዜና መነገር አለበት?

የአገር መሪ ወይም ዕውቅ ሰው ከሆነ መነገሩ አይቀርም። ጥያቄው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በእኛ ልማድ መርዶ እንዲያው አይነገርም። ቅርብ ዘመድና ጎረቤት ይሰባሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ የሚናገር ሰው ይመረጣል። ውጭ አገር ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ በስልክ ለራሱ አይነገርም። ጓደኞቹ ይነገራቸዋል፣ ተሰብስበው ቤቱ ይሄዳሉ፣ ብቻውን እንዳይሆን። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ሰበር ዜና ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

አደጋ ሲደርስ የሟቾችን ስም ቤተሰብ ሳይሰማ አለማውጣት በጋዜጠኝነት የታወቀ ደንብ ነው። የእኛ ልማድ ደንቡን ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ አንዲት እናት የልጇን ፎቶ «ሰበር» ከሚል ጽሑፍ ሥር ስልኳ ላይ ካየች የመርዶ ነጋሪዎቹ መምጣት ምን ይጠቅማታል? ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። አደጋው መድረሱን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ቁጥር መጻፍ ይቻላል። ስምና ፎቶ ግን ቤተሰቡ መስማቱ እስኪታወቅ ይቆይ። ፎቶውን በግሩፕ ያገኛችሁም ብትሆኑ ወደ ሌላ አትላኩት፤ የሚያውቀው ሰው ካለ ለብቻው ደውላችሁ ንገሩት።